አደይ ከረገፈ በኋላ የሚያብቡ ቁጥቋጦዎችን በየአጥራችን ስለ መትከል

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰማ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ዛሬ የምንነግራችሁ የመዋጮ ጉዳይ አይደለምና አትደንግጡ። የአበባ ጉዳይ ነው። «ደግሞ ብለው ብለው አበባ ጀመሩ እንዴ?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አዳምጡን። ነገሩ የዓይን ደስታ ብቻ ሳይሆን የማር፣ የአጥርና የቦይ ጉዳይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የእኛው የማኅበሩ ጥፋት ስላለበት ከእሱ እንጀምራለን።

ስለ ጥፋታችን

ባለፈው ዓመት መስከረም ወር መግቢያ ላይ፣ ሰፈራችን ለመስቀል በዓል ይጽዳ ብለን የጋራ ሥራ መጥራታችን ይታወሳል። ሰው ሁሉ ገጀራውንና ማጭዱን ይዞ ወጣ። ቆሻሻው ተጠረገ፤ መልካም ነበር። እኛ ግን በዚያ አላበቃንም። ከቦዩ ግራና ቀኝ ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ «ጫካ ነው፣ የጅብ መደበቂያ ነው» ብለን ከሥር አስቆረጥነው። ስሚዛው፣ አሜጃው፣ የፈረስ ዘንጉ፣ ኩሸሽሌው አንድም ሳይቀር ተጨፈጨፈ። በዚያን ዕለት ሰፈሩ የተላጨ ራስ መስሎ ሲታይ እኛም ደስ ብሎን ነበር፤ ተጨበጨበልን።

ከዚያ ጥቅምት ሲጋመስ አደዩ ደረቀ። በሌላው ዓመት እኮ አደይ ሲደርቅ ቦዩ ዳር ቢጫውና ብርቱካንማው ተራውን ይዞ ይታይ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጉቶ ብቻ ሆነ። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባንም። የቆረጥነው ገና ሊያብብ እንቡጥ የያዘ ተክል መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው።

ጉዳቱን መጀመሪያ የነገሩን በቦዩ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አንጠራም፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሦስት ቀፎ ነበራቸው። በዚያ ዓመት ሁለቱ ቀፎዎች ባዶ ቀሩ፤ ንቡ ጥሎ ሄደ። ኅዳር ላይ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጥተው ቁጭ አሉና፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ቁጥቋጦ የቆረጣችሁ መስሏችኋል፤ የቆረጣችሁት የእኔን መሶብ ነው» አሉን። የምንመልሰው ጠፋን። ንብ በብዙ ምክንያት ቀፎ ይጥላልና የሄደው በእኛ ብቻ ነው ብለን አንምልም። ቢሆንም ከደጃፉ የሚቀስመውን አበባ ነስተነዋልና ድርሻችንን አንክድም።

ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ ዝናቡ ሲመለስ ታየ። አፈሩን በሥሩ ቆንጥጦ የያዘው ቁጥቋጦ ስለ ተነሣ ጎርፉ የቦዩን ከንፈር በላው። በታችኛው በኩል ያላችሁ አባወራዎች አጥራችሁ ወደ ቦዩ እንዳዘነበለ እናንተው ታውቃላችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አሁን ያፈሰስነውን ለመልቀም ነው የተሰበሰብነው።

አደይና ቁጥቋጦ የሚለያዩበት

እኛ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያለን ሰዎች ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አያልፍም። ስለ ዕፅዋት የምንነግራችሁ ከአባቶች የሰማነውን፣ ከግብርና ባለሙያዎች የጠየቅነውንና በገዛ ዓይናችን ያየነውን ነው።

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ከፍለውታል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል። ከመፀው ውስጥ ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት ቀኖች ዘመነ ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ዘመን ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አባቶች የአበባ ዘመን ያሉት ከመስቀል በኋላ የሚመጣውን ነው። እኛ ግን አበባ ሲባል እንቁጣጣሽንና መስቀልን ብቻ እያሰብን፣ ደመራው ሲለኮስ አበባውም ያበቃለት ይመስለናል።

አደይ አበባ በክረምቱ ዝናብ ከዘሩ በቅሎ፣ መስከረምን አድምቆ፣ ዘሩን አፍስሶ የሚሞት ሣር መሰል ተክል ነው። ዕድሜው አጭር ስለሆነ ይቸኩላል። ቁጥቋጦ ግን ከዓመት ዓመት የሚኖር እንጨት ነው። ክረምቱን ሙሉ በዝናቡ ቅጠልና ቅርንጫፍ ሲያወጣ ይከርማል፤ ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ስትበረታ እንቡጡን ይፈታል። ስለዚህ በተራ ከተከልነው፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየተቀበለው ግቢያችን እስከ ጥር ድረስ ከአበባ አይለይም።

ለንብ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በደጋው አገራችን ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር መሆኑን ታውቃላችሁ። ያ ማር የአደይ፣ የመጭና የኑግ አበባ ውጤት ነው። ማሩ ከተቆረጠና ማሳው ከታጨደ በኋላ ግን ለንቡ የሚቀረው ጥቂት ነው። ያን ጊዜ በአጥር ላይ የሚያብብ ቁጥቋጦ ለንቡ የችግር ቀን ስንቅ ይሆነዋል።

የትኞቹን እንትከል?

ከሩቅ አገር ችግኝ አስመጡ አንላችሁም። ወደ ሞጣም ሆነ ወደ ደብረ ወርቅ በመኪና ስትሄዱ በመንገዱ ዳር የምታዩዋቸው ይበቁናል።

አንደኛ አሜጃ ነው። አበባው ደማቅ ቢጫ፣ ሰፋ ያለ፣ ከሩቅ የሚጠራ ነው። የደጋ ተክል ስለሆነ ብርዱን አይፈራም፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር በላይ በሚወጣው በጮቄ ተራራ ወገብ ላይ ከአስታው ጋር የሚኖር ነው። አደዩ ሲረግፍ ቢጫውን ከእጁ የሚቀበለው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ከአጥሩ ማዕዘን ላይ ይስማማዋል።

ሁለተኛ የፈረስ ዘንግ ነው። ቀጥ ባለው ዘንጉ ላይ ብርቱካንማ አበባው እንደ ኳስ እየተከማቸ፣ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ለዘር የሚሆነውን በጥር ወር ከደረቀው ራስ አራግፎ መውሰድ ነው። ራሱ ይዋጋልና በጨርቅ ያዙት። በሰኔ መጨረሻ በላላ አፈር ላይ በትኖ ስስ አፈር ማልበስ ይበቃዋል። ቀጭን መንቆር ያላት ትንሿ ወፍ ማሯን ልትመጥ ስትመጣ ልጆች ቁጭ ብለው ያያሉ።

ሦስተኛ ኩሸሽሌ ነው። ስሙን ስንጠራ የሳቃችሁ አላችሁ። እሾሁ የወጋው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ይህን ተክል አትናቁት፤ በተፈጥሮው የሚበቅለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። አበባው እሳት የመሰለ ቀይና ብርቱካንማ ሲሆን፣ እሾሃማ ቅጠሉ ከብት አያሳልፍም። አጥርም አበባም ከተባለ እሱ ነው። ሆኖም ከሥሩ እያቆጠቆጠ ስለሚስፋፋ ከውጭው አጥር ላይ እንጂ ከጓሮ ጎመን አጠገብ አትትከሉት።

አራተኛ ስሚዛ ነው፤ ሰንሰል የምትሉትም አላችሁ። አበባው ነጭ ነው፤ ንብ ይወደዋል። ቅጠሉ መራራ ስለሆነ ከብት አይደፍረውም። ከሁሉም በላይ ቅርንጫፉ ተቆርጦ መሬት ውስጥ ሲተከል በቀላሉ ስለሚይዝ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው አጥር ነው።

አምስተኛ ግራዋ ነው። ጋን የምታጥቡበትን ቅጠል ማስተዋወቅ አያስፈልገንም። ለቅጠሉ ስንል ሁልጊዜ ስለምንሸመጥጠው አበባ እንዳለው የረሳነው ብዙዎች ነን። አንዱን ጎኑን ሳትነኩ ብትተዉለት፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ በታኅሣሥና በጥር ነጫጭ አበባውን ያወጣል፤ ንቡም ይሰፍርበታል።

ለግቢ ውበት ደግሞ ከሌላ አገር የመጡም አሉን። በየበረንዳው ሥር የምናየው፣ ጫፉ ላይ ያሉት ቅጠሎች ደም መስለው የሚቀሉት ፖይንሴቲያ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ቀይ ሆኖ የሚታየው አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው፤ እውነተኛው አበባ መካከል ላይ ያለችው ቢጫ ፍሬ መሳይ ናት። ይህ ተክል የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ሌሊቱ እየረዘመ ሲሄድ ተክሉ ያንን ቆጥሮ መቅላት ይጀምራል። ባለፈው አንድ ወንድማችን «የጎረቤቴ ቀልቶ የእኔ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ሄደን ብናይ የበረንዳው አምፖል ሌሊቱን ሙሉ እላዩ ላይ ይበራበታል። ተክሉ ሌሊት መሆኑን በምን ይወቅ? አምፖሉን ማጥፋት ወይም ተክሉን ወደ ጨለማው ጎን ማዛወር ነው መድኃኒቱ። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ልጆች እንዳይነኩት ተጠንቀቁ።

እንዳይተከል የምንለምናችሁ

አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የወፍ ቆሎ ነው። አበባው ቢጫና ሮዝ ተቀላቅሎ ያምራል፤ ብዙ ጊዜ ያብባል፤ ውሃም አይጠይቅም። ለዚህም ነው ሰው የሚታለልበት። ፍሬውን ወፍ በልቶ በየሜዳው ይዘራዋል፤ ከዚያ ግጦሹን ይውጠዋል። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ መሬት ወርሮ ያስቸገረ አረም ሆኗል። በአጥራችሁ ላይ ካለ ፍሬ ሳይዝ ከነሥሩ ንቀሉት።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ቃል እንበል። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቤት ሠርቶልናል፣ እንጀራ አጋግሮልናል፤ ውለታውን አንክድም። ግን አጥሩን ሁሉ ለእሱ ብቻ ከሰጠነው ከሥሩ ሌላ ነገር እንደ ልብ አይበቅልም። ለቁጥቋጦው የሚሆን ቦታ ከባሕር ዛፉ ራቅ አድርጋችሁ ምረጡ።

መቼ ይቆረጥ?

ካሁን በፊት የተሳሳትነው እዚህ ላይ ስለሆነ ደጋግመን እንናገራለን። ቁጥቋጦ አይቆረጥ አላልንም። ካልተቆረጠ ይዘናጋና አበባው ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራል፤ መንገድም ይዘጋል። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነው።

በመፀው የሚያብብ ተክል የሚያብበው በዚያው ክረምት ባወጣው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ አብቦ ከጨረሰ በኋላ፣ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብትቆርጡት በክረምቱ አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይደርሳል። በነሐሴና በመስከረም ከቆረጣችሁት ግን እንቡጡን ቆረጣችሁት ማለት ነው፤ የዚያን ዓመት አበባ አታዩም። ነፍሰ ጡር ላም አይታረድም አይደል? ይህም እንደዚያው ነው።

ሲቆረጥም ከሥር አይጨፍጨፍ። የደረቀውንና የታመመውን አውጡ፤ ከቀረው አንድ ሦስተኛውን አሳጥሩ፤ ማጭዱ የተሳለ ይሁን። ለመስቀል ጽዳት ሲደረግ መንገድ የዘጋውን ቅርንጫፍ ብቻ መከርከም ይበቃል።

እንዴት ይተከል?

ጉድጓዱ አሁን በግንቦት ይቆፈር። ወርዱም ጥልቀቱም አንድ ክንድ ይሁን። የወጣው አፈር ፀሐይ ይምታው። ከዚያ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ፍግ ጋር ይደባለቅ። ትኩስ እበት ሥሩን ያቃጥለዋልና ይቅር።

ተከላው ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይሁን። ነሐሴ ሲያልቅ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል። ዋልካ መሬት ያላችሁ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ አትትከሉ፤ ውሃው ተኝቶበት ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ እንደ መደብ ሠርታችሁ በላዩ ላይ ትከሉት።

ስሚዛና ግራዋ በቁራጭ ይተከላሉ። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ሁለት ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ ይቆረጥ። የታችኛው ጫፍ አግድም ተሾልቶ ግማሹ መሬት ይግባ። ዓይኑ ወደ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ዘቅዝቆ ተክሎ «አልበቀለም» ያለን ሰው አለ። ለአጥር ከሆነ በመካከላቸው አንድ ክንድ ይበቃል። ለአሜጃ ሁለት ወይም ሦስት ክንድ ተዉለት። የአሜጃና የኩሸሽሌ ችግኝ ከእናቱ ሥር ከበቀሉት ትንንሾች መካከል ከነአፈሩ ይነሣል። አንድ ስታነሡ ሁለት ተዉ፤ የዱሩንም ማራቆት የለብንም።

መትከሉን እኮ ለምደነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት መነገሩን ታስታውሳላችሁ። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የዓመት ሥራ ነው። እኛ የሚጎድለን ይኸኛው ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ ሲለቀቅ፣ ፍየል መጀመሪያ የምትሄደው ወደ አዲሱ ተክል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ችግኝ ሁሉ በአጋም ወይም በሌላ እሾህ ይከለል። በበጋው በሳምንት አንድ ቀን አንድ ጣሳ ውሃ ይጠጣ። የእህልና የአትክልት እጣቢ ይሆነዋል፤ ሳሙና የበዛበት ግን አይሁን። ከሥሩ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ብትጎዘጉዙለት እርጥበቱን ይይዝለታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ለጋው ጫፍ ቢጠቁርም አትንቀሉት፤ ከታች ያቆጠቁጣል።

የማኅበሩ ሐሳብ

እንግዲህ ወደ መደምደሚያው ደርሰናል። ማኅበሩ የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ጧት፣ ባስቆረጥነው የቦይ ዳር በጋራ ወጥተን ተከላ እንጀምራለን። ከየቤቱ አንድ ሰው መቆፈሪያ ይዞ እንዲመጣ እንጠይቃለን።

2ኛ. እያንዳንዱ ቤት በአጥሩ ላይ ከተባሉት አምስት ዓይነቶች ቢያንስ ሁለቱን ይትከል። ጎረቤታሞች ተመካክራችሁ አንዱ አሜጃ ሲል ሌላው ግራዋ ቢል፣ መንገዳችን ከጥቅምት እስከ ጥር አበባ አያጣም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

3ኛ. የቦዩን ተክል የሚጠብቁ ከወጣቶች መካከል በየወሩ ተራ ይወጣላቸዋል። የተራው ዝርዝር በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

4ኛ. ከእንግዲህ ወዲህ ማኅበሩ ከሐምሌ እስከ ጥር ባለው ጊዜ የጋራ ቁጥቋጦ አያስቆርጥም። መንገድ የዘጋ ካለ ለጽሕፈት ቤቱ ይነገርና አይተን እንከረክማለን። ይህን ቃል የምንሰጠው እኛ ነን፤ ብናፈርስ እናንተ ጠይቁን።

ለመጀመሪያው ቀን ተከላ የሚያስፈልገው የስሚዛ ቁራጭ ከየት ይምጣ ብለን ስንጨነቅ፣ የሰፈራችን ትልቁ የስሚዛ አጥር የእኒያው ባለ ቀፎዋ እናት ሆኖ አገኘነው። ባለፈው ሳምንት አፍረን ደጃፋቸው ሄድን። ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከጎኑ ቁረጡ፣ መሐሉን ተዉልኝ» አሉን። ተከላው ከእሳቸው ደጃፍ ፊት ለፊት እንዲጀመር የወሰንነው ለዚህ ነው። ሁለቱ ባዶ ቀፎዎች ዛሬም ከዛፉ ላይ እንደ ተሰቀሉ ናቸው። ንቡ ይመለስ አይመለስ ቃል መግባት አንችልም። የሚቀስመው አበባ እንዳያጣ ማድረግ ግን የእኛ ሥራ ነው።

በመጨረሻም የከተማችንን ስም ልብ እንድትሉት እንወዳለን። ጉንድ በግዕዝ ግንድ ማለት ነው፤ ጉንደ ወይን ሲባልም የወይን ግንድ ማለት ይሆናል። ስሙ የተክል የሆነ ከተማ አጥሩ ጉቶ ሆኖ ሲታይ ደስ አይልም። በሉ እንግዲህ፣ ጉድጓዳችሁን ዛሬ ነገ ሳትሉ ቆፍሩ። ቅዳሜ በቦዩ ዳር እንገናኝ።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ጉንደ ወይን